«ግራና ቀኝህን አይተህ ተሻገር» ብቻውን የማይበቃበት ምክንያት

ጠዋት ልጆቻችንን ስንሸኝ «ግራና ቀኝህን አይተህ ተሻገር» የማይል ወላጅ የለም። እኔም እላለሁ፤ ነገም እላለሁ። ግን በትምህርት ቤታችን የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) የመንገዱ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ውይይቱ «ልጆቹን እንምከር» ተብሎ ይዘጋል፤ እዚያ ላይ መዘጋቱ ያሳስበኛል። የምክሩን ልክ እንወቅ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

እ.ኤ.አ. በ2010 እንግሊዝ አገር የሚገኘው የሮያል ሆሎዌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚመጣን መኪና እንዴት እንደሚያዩ ፈተኑ። መኪና ወደ እኛ እየቀረበ መሆኑን የምናውቀው ምስሉ ዓይናችን ላይ እየተለቀ ሲሄድ ነው። አዋቂ ሰው ጥቂቷን ለውጥ ይለያል። ልጆቹ ግን በሰዓት ከ32 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ የሚሄድ መኪና እየመጣ መሆኑን በአስተማማኝ ሁኔታ መለየት አልቻሉም። ምክንያቱን ልብ በሉልኝ። ሁለት መኪኖች ልጁ ጋ ለመድረስ እኩል አምስት አምስት ሰከንድ ይቀራቸዋል እንበል። ፈጣኑ ያለው ከዝግተኛው ርቆ ነው፤ ስለራቀም ምስሉ ትንሽ ነው፤ የሚያድገውም ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ ይበልጥ የሚያስፈራው መኪና ለልጁ የቆመ ይመስለዋል። ልጁ እንደነገርነው ግራውንም ቀኙንም አይቷል፤ ታዟል። ዓይኑ ገና አልደረሰም እንጂ።

ስዊድናዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስቲና ሳንደልስ ከዚያ አርባ ዓመት ገደማ ቀድማ ተመሳሳይ ነገር ተናግራለች፦ ትንሽ ልጅን በሥልጠና ብቻ ከትራፊክ ጋር ማስማማት አይቻልም፤ ትራፊኩ ነው ከልጁ ጋር መስማማት ያለበት። እኔ በዚህ ሙሉ በሙሉ አምናለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን በመግደል የመንገድ አደጋ ቀዳሚ ነው። ይህ ሁሉ ሞት «ልጁ ስላልተጠነቀቀ ነው» ተብሎ ሊታለፍ አይችልም።

ፍጥነትን በሜትር እንየው። ሹፌር አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ደረቅ አስፋልት ላይ፣ ደህና ፍሬን ካለው፣ ያቺን ሰከንድ ጨምሮ 13 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። በ50 የሚሄደው በዚያችው አንድ ሰከንድ ብቻ 14 ሜትር ይጓዛል። ማለትም የመጀመሪያው መኪና ቆሞ ባበቃበት ቦታ ሁለተኛው ገና ፍሬን አልነካም፤ ልጁ ጋ የሚደርሰው በሙሉ ፍጥነቱ ነው። በትምህርት ቤት በር ላይ 30 ይሁን የሚባለው ለዚህ ነው። ታፔላ መትከል ጥሩ ነው፤ ሹፌርን በእርግጥ የሚያዘገየው ግን ጉብታው፣ ጠበብ ያለው መንገድና የመታጠፊያው ቅርጽ ነው።

መታጠፊያው ብዙ ጊዜ ይረሳል። መስቀለኛ መንገድ ላይ ማዕዘኑ ሰፊ ክብ ሆኖ ከተሠራ፣ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ሚኒባስ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ይዞራል። በዚያ ላይ ልጁ የሚሻገረው ርቀት ይረዝማል። ማዕዘኑ ጠበብ ብሎ የእግረኛ መንገዱ ወደ ውስጥ ሲገፋ ሹፌሩ የግድ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ልጁም በጥቂት እርምጃ ይደርሳል። አዲስ አበባ ይህን ለገሃር መስቀለኛ መንገድ ላይ በ2009 ዓ.ም. አካባቢ አይታዋለች፤ መጀመሪያ በቀለምና ጊዜያዊ በሆኑ ነገሮች ተሞከረ፣ ከዚያ በቋሚነት ተሠራ። ቀለም ውድ አይደለም። አንድ ትምህርት ቤት አጠገብ ባለ መስቀለኛ መንገድ ላይ ይህን መሞከር ከአቅማችን በላይ ነው የሚለኝን ሰው አልቀበልም።

ማዕዘኑ ላይ የሚቆም መኪናም አለ። የሰባት ዓመት ልጅ ከቆመ ሚኒባስ ጀርባ ሲወጣ እሱም አያይም፣ እሱንም የሚያየው የለም። ይህን በተመለከተ ለወላጆች በግልጽ መናገር አለብኝ፦ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ዜብራው ላይ ቆመው ልጅ የሚያወርዱ መኪኖች ብዙዎቹ የእኛ የወላጆች ናቸው። የራሳችንን ልጅ በር ድረስ ለማድረስ የሌላውን ልጅ እንጋርዳለን። መቶ ሜትር ቀደም ብሎ አውርዶ አብሮ መሄድ ይቻላል።

ሰፊ መንገድ ላይ ደግሞ የሚገድለው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው መኪና ነው። የመጀመሪያው ሹፌር በጨዋነት ይቆማል፣ በእጁም «እለፍ» ይላል፤ ልጁ አመስግኖ ይሮጣል፤ በጎን ያለው መስመር ላይ ያለው ሹፌር ግን ሌላው ለምን እንደቆመ ሳይገባው ደርቦ ያልፋል። ልጆችን አንድ ነገር ብቻ አለማምድ ብባል ይህን እመርጣለሁ፦ የቆመው መኪና አፍንጫ ጋ ስትደርስ ቁም፣ ብቅ ብለህ ቀጣዩን መስመር እይ። ልጁን መንገዱ ላይ ይዛችሁ ደጋግማችሁ አሳዩት፤ ቤት ውስጥ ተነግሮ አይያዝም።

ዳሬሰላም ውስጥ አሜንድ የተባለ ድርጅት የሠራውን ሳስብ ተስፋ ይሰጠኛል። ልጆች በብዛት የሚጎዱባቸውን ትምህርት ቤቶች ለይቶ የእግረኛ መንገድ፣ ጉብታ፣ ዜብራና መኪና የሚከለክሉ ምሰሶዎች ሠራ፤ አንዳንዱ ጋ የትምህርት ቤቱን በር ራሱን ከትልቁ መንገድ አዙሮ ወደ ጸጥተኛው መንገድ ከፈተው። የልጆች ጉዳት በሩብ ያህል ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ2019 ለዚህ ሥራ ዓለም አቀፍ የከተሞች ሽልማት አገኘ። በር ማዞር! አጥር አፍርሶ በር መግጠም የትኛውም የትምህርት ቤት አስተዳደር የሚችለው ሥራ ነው።

ቀበቶ ታጥቀው፣ ምልክት ይዘው የሚያሻግሩትን ተማሪ ትራፊኮች ከልቤ አከብራለሁ። ነገር ግን እነሱም ልጆች ናቸው። አጠገባቸው አዋቂ ሰው ይቁም፤ መምህር፣ ጥበቃ፣ ተራ የደረሰው ወላጅ፣ ማንም ይሁን።

አሁን የምናደርገውን ልንገራችሁ። ለክፍለ ከተማውና ለከተማው ትራፊክ ማኔጅመንት በወተመህ ስም ደብዳቤ እየጻፍን ነው። «አደጋ ይበዛል» ብቻ ብለን አንጽፍም፤ የትኛው ማዕዘን እንደሚሰፋ፣ ዜብራው የት እንደደበዘዘ፣ አሸዋና ጠጠር ተከምሮ ልጆችን ወደ አስፋልቱ የሚያወርደው የቱ ጋ እንደሆነ፣ ጠዋትና መውጫ ሰዓት ላይ ከተነሱ ፎቶዎች ጋር እናያይዛለን። የራሳችሁ ትምህርት ቤት ጋ ተመሳሳይ ደብዳቤ ማስገባት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ረቂቁን እልክላችኋለሁ።