የዋጋ ሳይሆን የመጋዘን ጣሪያ፦ ነጭ ወይስ ጥቁር ቆርቆሮ?

የዛሬው ጽሑፍ ስለ ጣሪያ ነው። ጣሪያ ስል የዋጋ ጣሪያ ማለቴ አይደለም፤ ቆርቆሮውን ነው። «ይሄ ደግሞ የግንበኛ ወሬ ነው» ብላችሁ ከመዝለላችሁ በፊት አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ።

በአንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 320 ጆንያ ቡና ይጫናል። ጆንያው 60 ኪሎ ነው፤ በድምሩ 19,200 ኪሎ። ይህ ቡና መጋዘን ሲገባ እርጥበቱ 12 በመቶ ቢሆንና ሲወጣ 11 በመቶ ቢያሳይ፣ ፍሬው ያው ፍሬ ነው፤ ሚዛኑ ግን 216 ኪሎ ገደማ ይጎድላል። በፈረሱላ 12 ከግማሽ በላይ መሆኑ ነው። አረቢካን በፓውንድ 3 ዶላር ብላችሁ ብታሰሉት ከ1,400 ዶላር ይበልጣል። በ2025 እ.ኤ.አ. የካቲት ላይ ኒውዮርክ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ እንደነበር ደግሞ አትረሱም። ዘበኛው አልሰረቀው፣ ሚዛኑ አልተበላሸ። ተነነ፣ በቃ።

በእርግጥ ጭነቱ በሙሉ እኩል አንድ ነጥብ አይወርድም። የሚጎዱት ከላይ የተደረደሩት፣ ለቆርቆሮው የቀረቡት ረድፎች ናቸው። ግን እነዚሁ ረድፎች ናቸው ቀን የሚደርቁት፣ ሌሊት ደግሞ ጠብታ የሚወርድባቸው። አንድ ጆንያ በአንድ መጋዘን ውስጥ ሚዛንም ሻጋታም ላይ ሊከስር ይችላል ማለት ነው። ይህን ብዙ ሰው አያስተውልም።

ጥያቄው ወደ እኔ የመጣው ከላፍቶ ነው። መጋዘን አከራይ የሆኑ አንድ አዛውንት ክረምቱ ሳይገባ የዛገውን ቆርቆሮ ሊያስነሱ ነው። ተከራያቸው ቡና ላኪ ነው፤ ኪራዩን የሚያድሰው ጣሪያው ተቀይሮ ሲያይ እንደሆነ ነግሯቸዋል። እሳቸው የመረጡት ጥቁር ግራጫ ቀለም የተቀባ ኢጋ ነው። ተከራዩ የሚፈልገው የሚያብለጨልጨውን። ሁለቱንም ስለማውቃቸው «አንተ ፍረደን» ተባልኩ። የአዛውንቱ ክርክር ቀላል አይደለም፦ «ጥቁሩ ያምራል፣ አቧራ አያሳይም፣ ደግሞ የዚህ አገር ብርድ ነው እንጂ ሙቀት ማንን ገደለ?» አሉኝ።

እውነት አላቸው፣ ብርድ አለ። ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ከገመድ አልባው ስልክ ነው ይባላል እንጂ፣ በኅዳር ማለዳ እዚያ ለቆመ ሰው ከንፋሱ የመጣ ነው ቢሉትም ያምናል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ነች። አየሩ ስስ ነው። ከፍታው በየ1,000 ሜትሩ ሲጨምር ከፀሐይ የሚመጣው አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ያው ስስና ደረቅ አየር ሌሊት ደግሞ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቀዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ቀን 23 ዲግሪ የነበረው ሌሊት 7 እና 8 ይደርሳል፤ ሰማዩ ጥርት ካለ ከዚያም ይወርዳል። አዲሱ ምርት መግባት የሚጀምረውም በዚሁ ወቅት ነው። የአዲስ አበባ ሰው ብርድ ሲባል ጋቢ ያስባል፤ መጋዘን ያለው ነጋዴ ግን ጠብታ ቢያስብ ይሻለዋል።

ጥቁር ጣሪያ ሌሊት ያሞቃል የሚለውን ነገር እንየው። 28 ጌጅ ቆርቆሮ ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ካሬ ሜትሩ ከ3 ኪሎ ብዙም አይበልጥም። ይህችን የምታህል ብረት ቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ይዛ አታድርም። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ትበርዳለች። ሙቀት አሳድሮ የሚሰጥ ወፍራም ድንጋይና ጭቃ ነው፤ ቆርቆሮ አይደለም። ስለዚህ ጥቁሩ ሙቀቱን የሚሰጣችሁ በማትፈልጉበት ሰዓት፣ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ነው። በጠራ ፀሐይ ጥቁር ቆርቆሮ ከውጭው አየር በ30 ዲግሪ ያህል ሊበልጥ ይችላል። ነጭ የተቀባው በዚያው ሰዓት ከአየሩ የሚበልጠው በ10 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ምክንያቱም ከፀሐይ ከሚመጣው 70 በመቶና ከዚያ በላይ ይመልሳል። ጥቁሩ የሚመልሰው 10 በመቶ ቢሆን ነው።

እዚህ ላይ ተከራዩ «አላልኩም?» ብሎ ሊነሳ ሲል ቆይ አልኩት። እሱ የፈለገው ያልተቀባውን፣ እንደ መስታወት የሚያበራውን ዚንክ ነው። አዲስ ዚንክ ከፀሐይ 60 በመቶ ያህሉን ይመልሳል፤ ጥሩ ነው። ነገር ግን የዋጠውን ሙቀት መልሶ ወደ ሰማይ የመልቀቅ አቅሙ ደካማ ስለሆነ ቀን ላይ ከነጭ ቀለም ይበልጥ ይግላል። ደግሞ ያ ብልጭታ አብሮት አይኖርም። ጥቂት ክረምት ሲያልፍበት ይደበዝዛል፣ አመድ ይመስላል፤ ያኔ ወደ ጥቁሩ እየተጠጋ ይሄዳል። የድሮ ሰፈሮቻችንን ጣሪያ ከፎቅ ላይ ሆናችሁ እዩት፤ ሲገዛ የሚያበራ ያልነበረ የለም። 55 በመቶ አሉሚኒየም ያለው የአሉሚኒየምና ዚንክ ቅብ ከተራው ዚንክ በላይ ይቆያል፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው። ጀሞና ለቡ ኮንዶሚኒየም አምስተኛ ፎቅ የሚኖር ደግሞ ከታች የሚያበራ ጣሪያ ዓይኑን ሲወጋው ምን እንደሚል ጠይቁት። ከጎረቤት ጋር መጣላት ለመጋዘን ንግድ አይበጅም፤ የጭነት መኪናችን ድምፅ ይበቃቸዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ሌሊቱ። 12 በመቶ እርጥበት ያለው ቡና በዙሪያው ያለውን አየር 60 በመቶና ከዚያ ጥቂት በላይ አንጻራዊ እርጥበት ላይ ያቆየዋል። ማለትም የመጋዘኑን አየር የሚያረጥበው ዝናብ ብቻ ሳይሆን ቡናው ራሱ ነው። እንዲህ ያለ አየር በ20 ዲግሪ ሙቀት ላይ ቢሆን፣ 12 ዲግሪ ገደማ የሆነ ማንኛውም ገጽ ሲነካ ውሃ ይሆናል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የላፍቶ ቆርቆሮ ስንት ዲግሪ ነው? ውጭው 8 ከሆነ ቆርቆሮው ወደ ጥርት ያለ ሰማይ እየለቀቀ ከዚያም በታች ይወርዳል። ሒሳቡ አለቀ። ውሃው በቆርቆሮው ሆድ ላይ ይቋጠራል፣ ተዳፋቱን ይዞ ይወርዳል፣ ሞራሌው ወይም ብረቱ ጋ ሲደርስ ይንጠባጠባል። ጆንያ ላይ በቀጥታ መስመር የተደረደረ የውሃ ጠባሳ ያየ ሰው «ጣሪያው ያፈሳል» ብሎ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል። ቀዳዳ የለም።

እና በዚህ ጉዳይ ጥቁርና ነጭ አንድ ናቸው። ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ነጭም ሆነ ጥቁር ሌሊት ሙቀቱን የሚለቀው እኩል ነው ማለት ይቻላል። ያልተቀባ አዲስ ዚንክ ትንሽ ይሻላል፤ ሲደበዝዝ እሱም ይመሳሰላል። ስለዚህ ለሁለቱም የነገርኳቸው ይህን ነው፦ ቀለሙ የቀኑን ሙቀት ይወስናል፣ ጠብታውን ግን የሚወስነው ከቆርቆሮው ሥር ያለው ነገር ነው።

ጠብታው ለምን ያሳስበኛል? የዓለም ቡና ድርጅት በውሳኔ ቁጥር 420 ለላኪ ቡና ያስቀመጠው የእርጥበት ወሰን ከ8 እስከ 12.5 በመቶ ነው። በጠብታ የራሰ ጆንያ በአማካይ ናሙና ላይ አይታይም፤ 320ው ተደባልቆ ሲለካ ውጤቱ ያማረ ይሆናል። ሻጋታው ግን አማካይ አያውቅም። የአውሮፓ ኅብረት በተቆላ ቡና ውስጥ የሚፈቅደውን ኦክራቶክሲን ኤ ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኪሎ ከ5 ማይክሮግራም ወደ 3 አውርዶታል። ሕጉ የተጻፈው ለቆይው ነው፤ ቆይው ግን ጫናውን ወደ ገዢው፣ ገዢው ወደ እናንተ ይገፋዋል። ከጫካ እስከ መፈልፈያ ተጠንቅቆ የመጣ ቡና ላፍቶ ላይ በጣሪያ ምክንያት ሲበላሽ ገበሬው ማኅበር ምን ይባላል?

አንድ ስለማይወራ ነገር ልጨምር። መጋዘን ውስጥ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ቡና የሚለቅሙ ሴቶች አሉ። ጥቁር ቆርቆሮ ያለ ኮርኒስ ከላያቸው ሲሆን ከሰዓት በኋላ የሚሰማቸው ከአየሩ ሙቀት ብቻ አይደለም፤ የጋለው ብረት ራሱ ጭንቅላታቸው ላይ ያንጸባርቃል። ጠዋት በጋቢ የጀመረች ሴት 8 ሰዓት ላይ ነጠላዋን ራሷ ላይ አድርጋ ታገኛታላችሁ። በዚያ ሰዓት የሚያመልጠውን ጥቁር ፍሬ ቁጠሩት። ጠዋት ለብርዱ የሚጠቅማት ቀለም ሳይሆን የተደፈነ የበር ሥርና ትኩስ ሻይ ነው።

ወጪውስ? የብረት ጥቅሉ ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ከተለወጠ ወዲህ ቆርቆሮ የገዛ ሰው ነገሩን አይረሳውም። እኔ ግን ሰው በተሳሳተ ቦታ ላይ ሲቆጥብ አያለሁ። በአንድ ዓይነት ጌጅና በአንድ ዓይነት ቅብ ከሆነ ነጭና ጥቁር መካከል ያለው ልዩነት ለክርክር የሚበቃ አይደለም። ገንዘቡ የሚለየው በውፍረቱ (የጌጅ ቁጥሩ ሲያንስ ቆርቆሮው ይወፍራል፣ ይህን ገልብጠው የሚሸጡ አሉ)፣ በቀለሙ ዓይነትና በውስጥ ልባሱ ነው። ተራ ፖሊስተር ቀለም በእኛ ፀሐይ ቶሎ ይነጣል፤ ጥቁር ላይ ደግሞ መንጣቱ በግልጽ ይታያል። ፒቪዲኤፍ የሚባለው ቅብ የበለጠ ይቆያል። አዛውንቱ «ያምራል» ያሉት ውበት ስንት ዓመት እንደሚያምር ሻጩን ይጠይቁ ብያቸዋለሁ።

የእኔ ፍርድ የማያብለጨልጭ ነጣ ያለ ቀለም ነው፤ ቁም ነገሩ ግን ከሥሩ ያለው ልባስ ላይ ነው። ሳንድዊች ፓኔል ከተቻለ እሰየው። ካልተቻለ ፎም ወይም ፋይበር ግላስ በፎይል ተሸፍኖ፣ መጋጠሚያው በደንብ ታሽጎ። ፎይሉ ከተቀደደና እርጥብ አየር ከኋላ ከገባ ጠብታው ተደብቆ ይቀጥላል፤ ፋይበሩም ውሃ ይጠጣል። ከዚያ በጣሪያው ቁንጮና በግድግዳው ሥር አየር ማስገቢያ፣ ጆንያ በፓሌት ላይ፣ ከግድግዳና ከጣሪያ ራቅ ብሎ። በበጋ እኩለ ቀን ክፈቱ፣ ማታ ዝጉ። በክረምት ጭጋጋማ ጠዋት «አየር ይግባ» ብሎ በር መበርገድ ውሃ መጋበዝ ነው።

ይህ ምክር ለሁሉም ቦታ አይደለም። ሁመራና መተማ ላይ ሰሊጥ ለሚያስቀምጥ፣ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በታች በሆነበት ምድር፣ ነጩ ቀለም ብቻውን ትልቁን ሥራ ይሠራል፤ ዘይት ያለው ፍሬ ለሙቀት ጠላት ነውና። ደብረ ብርሃን፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ባቄላና ምስር ለሚያከማች ዩኒየን ግን የቀለም ክርክር ጊዜ ማባከን ነው፤ ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ ወደ ልባሱ ያዙረው።

ኪራይ ለምትዋዋሉ ደግሞ፦ ውሉ ላይ «ጣሪያው የማያፈስ» የሚለው አይበቃችሁም። ጠብታው ፍሳሽ አይደለማ፤ አከራዩ «የእኔ ቆርቆሮ ደህና ነው» ቢል ልክ ነው። «ከውስጥ ውሃ የማይቋጥር» የሚል ይጨመርበት፣ ልባሱን ማን እንደሚያሠራና ማን እንደሚጠግን በስም ይጻፍ። ላፍቶ ላይ አሁን የቀረው ክርክር ይኸው ነው፤ ቀለሙ ላይ ተስማምተዋል፣ ፎሙን ማን ይክፈል የሚለው ላይ ግን ገና ናቸው። እኔ ግማሽ ግማሽ ብያለሁ፣ ኪራዩ ለሦስት ዓመት ከታሰረ።

ከመፈረማችሁ በፊት ግን በኅዳር አንድ ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት መሰላል ይዛችሁ ግቡና የቆርቆሮውን ሆድ በእጃችሁ ዳስሱት። ከዚያ ከላይኛው ረድፍ አምስት፣ ከመካከለኛው አምስት ጆንያ ለይታችሁ እርጥበታቸውን ለኩ። ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ታቦርና ጎንደር መጋዘን ያላችሁ ቤተሰቦች፣ የለካችሁትን ከነጣሪያው ዓይነት ጻፉልኝ፤ ከነገ ወዲያ ከዋጋው ሰንጠረዥ ሥር አወጣዋለሁ።