ከነቀምቴ ወደ አንገር ጉቲን በብስክሌት

ሰው አገሩን የሚያውቅበት መንገድ ብዙ ነው። ከመጽሐፍ የሚያነበው አለ፤ ከሽማግሌ የሚሰማው አለ፤ በዓይኑ አይቶ የሚረዳውም አለ። በዓይን አይቶ ለመረዳት ግን መጓዝ ብቻውን አይበቃም፤ የጉዞው ፍጥነትም ትልቅ ድርሻ አለው። ይህ ጽሑፍ የብስክሌት ጉዞ ተጓዡን ከመንደሮች፣ ከአብያተ ክርስቲያናትና ከታሪካዊ ሥፍራዎች ጋር እንዴት እንደሚያስተዋውቅ ያብራራል፤ ለምሳሌም ከነቀምቴ ተነሥቶ ወደ አንገር ጉቲን የሚወርደውን ጎዳና ይወስዳል።

በመጀመሪያ ስለ ፍጥነት ጥቂት እናስላ። እግረኛ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። መካከለኛ ጉልበት ያለው ብስክሌተኛ በደልዳላ መንገድ ላይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። አውቶቡስ ደግሞ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይሮጣል እንበል። በመንገድ ዳር 100 ሜትር ርዝመት ያላት አነስተኛ መንደር ብትኖር የአውቶቡሱ ተሳፋሪ በ6 ሴኮንድ፣ ብስክሌተኛው በ24 ሴኮንድ፣ እግረኛው በ72 ሴኮንድ ያልፏታል። በ6 ሴኮንድ ውስጥ የሚታየው የቆርቆሮ ጣራና የአቧራ ደመና ነው። በ24 ሴኮንድ ግን በደጃፍ የተሰጣውን እህል መለየት፣ የሚቆላውን ቡና ማሽተት፣ «እንደምን ዋላችሁ» ብሎ መልሱን መስማት ይቻላል። እግረኛውማ ከሁሉም አብልጦ ያያል፤ ሆኖም ሳይመሽ ሊደርስ የሚችልበት ሥፍራ ጥቂት ነው። እንግዲህ ብስክሌት ከእግረኛው ማስተዋልን፣ ከመኪናው ርቀትን የወሰደ መጓጓዣ ነው ማለት ይቻላል።

የብስክሌት ጉዞ ሲነሣ የፈረንሳይ ገጠር አብሮ ይነሣል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። «ሎቶ» የተባለ የስፖርት ጋዜጣ አንባቢዎቹን ለማብዛት ሲል እ.ኤ.አ. በ1903 «ቱር ደ ፍራንስ» የተሰኘውን አገር አቋራጭ የብስክሌት ውድድር መሠረተ። የመጀመሪያው ውድድር 2,428 ኪሎ ሜትር ርዝመት ነበረው፤ በ6 ምዕራፎች ተከፍሎ ተካሄደ፤ ሞሪስ ጋረንም አሸናፊ ሆነ። ውድድሩ የሚካሄደው በስታዲየም አጥር ውስጥ ሳይሆን በሕዝብ መንገድ ላይ ስለሆነ የወይን እርሻዎችን፣ የድንጋይ ቤቶችንና ጥንታዊ የደወል ማማዎችን እየታከከ ያልፋል። በዚያ አገር ቤተ ክርስቲያን አብዛኛውን ጊዜ በመንደሩ መካከል ስለሚቆም ብስክሌተኛው ማማውን ከሩቅ ሲያይ መንደር መቃረቡን ያውቃል። በላባስቲድ ዳርማኛክ አጠገብ የሚገኝ አንድ ጥንታዊ የጸሎት ቤትማ እ.ኤ.አ. በ1959 የብስክሌተኞች መታሰቢያ እንዲሆን ተደርጓል፤ በግድግዳዎቹም ላይ የታወቁ ተወዳዳሪዎች ማሊያዎች ተሰቅለው ይታያሉ።

ከእነዚህ መንደሮች አንዱ ሳንት ማሪ ደ ካምፓን ነው። ስሙን ያተረፈውም በአንድ ብስክሌተኛ ችግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ኤዡን ክሪስቶፍ የተባለው ተወዳዳሪ የቱርማሌን ተራራ ሲወርድ የብስክሌቱ የፊት ሹካ ተሰበረበት። በጊዜው በነበረው ደንብ ተወዳዳሪው ከማንም ዕርዳታ መቀበል አይችልም ነበር። ስለዚህ ብስክሌቱን ተሸክሞ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ወርዶ ወደ መንደሩ ቀጥቃጭ ቤት ገባና ሹካውን በገዛ እጁ አንድዶና ቀጥቅጦ ጠገነው። ይሁን እንጂ አንድ ልጅ ወናፉን ስለነፋለት ዳኞቹ በቅጣት ጊዜ ጨመሩበት። የዚያ ዓመት ውጤት ዛሬ በብዙዎች ዘንድ ተረስቷል፤ የመንደሩ ቀጥቃጭ ቤት ግን አልተረሳም። ከዚህ እንደምንረዳው አንድን መንደር ታሪካዊ የሚያደርገው የሕንፃው ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ በዚያ የተፈጸመው ተግባርና ተግባሩን የሚያስታውስ ሰው መኖሩም ነው።

አገራችንም ለዚህ ስፖርት እንግዳ አይደለችም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ በተካፈለችበት በ1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1956) ወደ ሜልቦርን ከሯጮች ጋር ብስክሌተኞችንም ልካ ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ ገረመው ደንቦባ ነበር። በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ነገር ግን በመንገድ ዳር ያለን ታሪክ ለማስተዋል የግድ ተወዳዳሪ መሆን፣ ወይም ፈረንሳይ ድረስ መሄድ አያሻም። እስቲ አሁን ወደ ወለጋ እንመለስ።

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ብስክሌተኛው ከከተማይቱ ከመውጣቱ በፊት ሊመለከተው የሚገባው የኩምሳ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት አለ። ይህ ግቢ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከሞሮዳ በከሬ ጀምሮ የቤተ ሰቡ መኖሪያና የአስተዳደር ማዕከል ነበር። የሞሮዳ ልጅ ኩምሳ በክርስትና ስሙ ገብረ እግዚአብሔር ተብሎ በደጃዝማችነት ማዕርግ አካባቢውን አስተዳድሯል። በነቀምቴ ሌላም ሊታሰብ የሚገባው ሰው አለ፤ እርሱም ኦኔሲሞስ ነሲብ ነው። ኦኔሲሞስ በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ፣ በምጽዋ ነጻ ወጥቶ፣ ተምሮም መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎመ ሊቅ ነው። ትርጉሙ እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊዘርላንድ ታተመ። በሥራው አስቴር ጋኖ የምትባል የቋንቋ ዐዋቂ ብዙ ረድታዋለች። ኦኔሲሞስ ወደ ወለጋ ተመልሶ ሲያስተምር ኖረና በ1923 ዓ.ም. በነቀምቴ ዐረፈ። በየቀኑ በዚህች ከተማ ጎዳና እየተመላለሱ እነዚህን ስሞች ሳያውቁ ማደግ ጎተራ አጠገብ ተቀምጦ እንደ መራብ ነው።

ከነቀምቴ በስተ ሰሜን የሚወጣው መንገድ በአመዛኙ ቁልቁለት ነው። ደጋማውንና ወይና ደጋውን ምድር ወደ ኋላ ትቶ በኡኬ በኩል ወደ አንገር ሸለቆ ይወርዳል። የሸለቆው ከፍታ ከ1,500 ሜትር በታች ስለሆነ ቆላ ይባላል። በከፍታ 1,000 ሜትር ዝቅ በተባለ ቁጥር ሙቀት ከ6 ዲግሪ በላይ እንደሚጨምር የጂኦግራፊ ትምህርት ያስረዳል። የአውቶቡስ ተሳፋሪ ይህን የሚያውቀው ከመጽሐፍ ነው፤ ብስክሌተኛው ግን በቆዳው ይማረዋል። ጠዋት የደረበውን ሹራብ መንገድ ላይ ያወልቃል፤ የዛፉ ዓይነት፣ የማሳው ሰብል፣ የነፋሱም ጠባይ በዓይኑ ፊት ይለወጣል።

በዚህ መንገድ አብያተ ክርስቲያናትን ለመለየት እንደ ፈረንሳይ የድንጋይ ማማ መፈለግ አያስፈልግም፤ ዛፎችን መመልከት ይበቃል። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አጸድ ዛፉ ስለማይቆረጥ በታረሰ ማሳ መካከል ጥቅጥቅ ያለ ደን ቢታይ መቅደስ ሊኖርበት ይችላል። ክቡ ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማሕሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። የመካነ ኢየሱስ የጸሎት ቤቶችና የመስጊድ ሚናራዎችም በየከተማው ይታያሉ። የአንድን አካባቢ ሰዎች እምነትና አብሮ መኖር ለመረዳት እነዚህን ሁሉ በእኩል አክብሮት ማስተዋል ይገባል።

መንገዱ የአንገርን ወንዝ በድልድይ ይሻገራል። ከድልድዩ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ስትመለከቱ የውሃውን መድረሻ አስቡ። አንገር ወደ ዴዴሳ ይገባል፤ ዴዴሳም ለዓባይ ይገብራል። ስለሆነም ከብስክሌቱ ሥር የሚፈሰው ውሃ ሱዳንን አቋርጦ እስከ ግብፅ የሚዘልቅ መንገደኛ ነው።

ከወንዙ ማዶ አንገር ጉቲን ትገኛለች። በዚህች ከተማ የድንጋይ ግንብ የሚሻ ተጓዥ የሚያየው የለም ብሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ሆኖም ታሪኳ ሌላ ዓይነት ነው። ሸለቆው ገንዲ የተባለውን የከብት በሽታ የምታስተላልፍ የቆላ ዝንብ የሚገኝበት በመሆኑ በሬ ጠምዶ ለማረስ ያስቸግር ነበር። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓ.ም. በመንግሥት የሠፈራ ዕቅድ ከወሎና ከሌሎችም አካባቢዎች ብዙ ሰዎች መጥተው ከነባሩ ኗሪ ጋር ጎረቤት ሆኑ። በቆሎና ሰሊጥ አመረቱ፤ ልጆቻቸውም ኦሮምኛና አማርኛ እየሰሙ አደጉ። እንግዲህ የአንገር ጉቲን ታሪክ በግንብ ላይ የተጻፈ ሳይሆን በሰዎች ጉዞ የተሠራ ነው። መዝገቡም የሽማግሌዎቹ ትዝታ ነው። ይህ መዝገብ ካልተጠየቀና ካልተጻፈ ከባለቤቶቹ ጋር ያልፋል። አካባቢው ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በግጭት ክፉኛ ስለተፈተነም ጎረቤት የጎረቤቱን የአመጣጥ ታሪክ ከራሱ አንደበት መስማቱ ከምን ጊዜም ይልቅ አስፈላጊ ነው።

የብስክሌት ጉዞ ጥንቃቄ ይሻል። አስቀድሞ የመንገዱን ሰላም መሆን ከአካባቢው ኗሪዎች መጠየቅና ለወላጅ ማስታወቅ ይገባል፤ መንገዱ የሚያሠጋ ከሆነ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ ማቆየት አስተዋይነት ነው። ከመነሣት በፊት ፍሬን፣ ጎማና ሰንሰለት ይፈተሻሉ። በተለይ በቁልቁለት ላይ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆን መዘንጋት የለበትም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ብሂል ለቁልቁለት ብስክሌተኛ የተነገረ ይመስላል። የራስ ቁር ማድረግ፣ ውሃ መያዝና ከመምሸቱ በፊት ማረፊያ መድረስም ያስፈልጋል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ ሰው ደጅ ሲቀርቡ ከብስክሌት ወርዶ፣ ሰላምታ ሰጥቶ፣ ፈቃድ ጠይቆ መግባት የጨዋ ልጅ ወግ ነው።

በመጨረሻም ያዩትን መጻፍ አይዘነጋ። ገላጭ ድርሰት የሚያምረው የነገሮች ቅደም ተከተል ሲጠበቅ ነው፤ ለዚህም መንገድ ራሱ ሥርዓት ይሰጣል። መነሻው መግቢያ፣ በየመንደሩ ያረፉበት አንቀጽ፣ መድረሻው መደምደሚያ ይሆናል። ብስክሌት የሌለው ተማሪም ቢሆን ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለውን መንገድ በዚሁ ዓይን ሊመለከት ይችላል። ያ ዛፍ ስንት ዘመን ቆመ? ያን ድልድይ ማን ሠራው? የዚያ መንደር ሰዎች ከየት መጡ? ብሎ የሚጠይቅ ሰው በአጭር መንገድም ላይ ሰፊ አገር ያገኛል።

መልመጃ

1. ጸሐፊው ብስክሌትን ከአውቶቡስና ከእግር ጉዞ ጋር ያነጻጸረው ምንን ለማስረዳት ነው?
2. የሳንት ማሪ ደ ካምፓን ታሪክ ከአንገር ጉቲን ታሪክ ጋር በምን ይመሳሰላል?
3. «ወናፍ»፣ «አጸድ»፣ «ይገብራል»፣ «ገንዲ» የሚሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ ባላቸው ፍቺ ዓረፍተ ነገር ሥሩባቸው።
4. በአካባቢያችሁ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ወደ ሥፍራው እንዴት እንደመጡ ወይም ቤተ ሰባቸው እንዴት እንደኖረ ጠይቃችሁ፣ ፈቃዳቸውን አግኝታችሁ፣ ባለ ሦስት አንቀጽ ገላጭ ድርሰት ጻፉ።