የቬኒስ የመጨረሻ ቀንና የአያቴ ጥያቄ

ወደ ጣልያን አገር ለጉብኝት ከሚሄዱት አሥራ አራት ተማሪዎች አንዱ መሆኔ በተነገረኝ ጊዜ፥ ወሬውን በመጀመሪያ የነገርሁት ለአያቴ ነው። አያቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በአናጢነት የኖሩ ሰው ስለሆኑ፥ ስለ ሥዕሉም ሆነ ስለ ቤተ መንግሥቱ አልጠየቁኝም። «ቬኒስ የምትባለዋ ከተማ ውኃ ውስጥ በተተከለ እንጨት ላይ ነው የቆመችው ይላሉ፤ እውነት ነው?» አሉኝ። በመጽሐፍ አንብቤ ስለ ነበር «አዎን አባባ» ብዬ መለስሁ። «እንግዲያውስ ለምን እንዳልበሰበሰ ጠይቀህ ና። እኔ ስድሳ ዓመት ሙሉ እንጨትን ከውኃ አርቁ እያልሁ ነው ሰው ያስተማርሁት» አሉ። ይህን ሲናገሩ ይሥቁ ነበር፤ ሣቃቸው ግን ከልብ አልነበረም።

በቬኒስ የቆየነው አራት ቀን ብቻ ነው። በሦስቱ ቀን የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያንና የቀድሞዎቹን ገዥዎች ቤተ መንግሥት አየን፤ ከአራት መቶ በላይ ከሚሆኑት ድልድዮች ስንቱን እንደ ተሻገርን ግን እግሬ እንጂ እኔ አላውቅም። በዚህ ሁሉ መካከል የአያቴ ጥያቄ ከሐሳቤ ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር። ትዝ ያለኝ በመጨረሻው ሌሊት ልብሴን ወደ ሻንጣ ስከት ነው። ባቡራችን የሚነሣው በማግሥቱ፥ በእኛ አቈጣጠር በ9 ሰዓት ስለ ነበረ፥ የቀረኝ አንድ ጧት ብቻ ነው። በጣም አፈርሁ።

ሲነጋ ጉዳዩን ለባዮሎጂ መምህራችን ነገርኋቸው። እርሳቸውም «ጥያቄው መልካም ነው፤ ዘግይተህ ማምጣትህ ግን መልካም አይደለም» ብለው ሁላችንንም ወደ ሪያልቶ ድልድይ ወሰዱን። ይህ የድንጋይ ድልድይ ከ1588 እስከ 1591 ዓመተ ምሕረት የተሠራ ነው (ዘመኑ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች ያለውም እንዲሁ)። ከሥሩ 12,000 ያህል የእንጨት ችካል አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማይቱ ያለችው ጥልቀት በሌለው የባሕር ወሽመጥ ውስጥ፥ ከመቶ በሚበልጡ ትንንሽ ደሴቶች ላይ ነው። የደሴቶቹ አፈር ለስላሳ ደለል ስለሆነ የድንጋይ ቤት ቢያርፍበት ይሰጥማል። ስለዚህ የጥንት ሠራተኞች የባሉጥና ሌላም ዐይነት ግንድ ጫፉን አሹለው፥ አንዱን ከአንዱ አጠጋግተው ጭቃው ውስጥ ይመቱት ነበር። አብዛኛው ችካል ከሦስት ሜትር ብዙም አይረዝምም። የሚመቱትም በእጅ ነው፤ ከባዱን መዶሻ ብዙ ሆነው እያነሡ ሲጥሉት እጃቸው አንድ ላይ እንዲወድቅ ይዘፍኑ ነበር። ይህን ስሰማ በአገራችን የደቦ ሰዎች «ሆ» እያሉ ሲሠሩ ታየኝ። በችካሉ ራስ ላይ ጠፍጣፋ ሳንቃ ይነጠፋል፤ ከሳንቃው በላይ ከኢስትሪያ የሚመጣ ውኃ በቀላሉ የማያልፈው ነጭ ድንጋይ ይደረደራል፤ የጡቡ ግድግዳ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

«ይህስ ይሁን፤ ግን ለምን አልበሰበሰም?» ብዬ ጠየቅሁ። መምህራችን «ጀልባው ላይ ሆነህ ትመልሰዋለህ» አሉኝ።

ከዚያ በሕዝብ ጀልባ ወደ ሙራኖ ደሴት ተሻገርን። ብርጭቆ ሠሪዎች በእሳት አደጋ ምክንያት ከ1291 ጀምሮ የኖሩበት ደሴት ነው፤ ስለ ብርጭቆው ግን ጓደኛዬ በዚሁ መጽሔት ስለሚጽፍ አልፈዋለሁ። እኔ የማየው ሌላ ነገር ነበር። በጀልባው መንገድ ግራና ቀኝ፥ ለመርከበኞች ምልክት የሚሆኑ ትልልቅ ግንዶች ሦስት ሦስት ሆነው ታስረው ቆመዋል። ባሕሩ በየስድስት ሰዓቱ ያህል ከፍና ዝቅ ስለሚል፥ በዚያ ሰዓት ውኃው ጐድሎ ነበር። አንዱን ግንድ ትኵር ብዬ ስመለከተው ከላይ ወፍራም ነው፤ ከውኃው ወለል አጠገብ ግን አይጥ የበላው ሻማ መስሎ መንምኗል። ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ ነበር። ወዲያው በስልኬ ፎቶግራፍ አነሣሁት።

መምህራችንም እንዲህ ሲሉ አስረዱን። እንጨትን የሚያበሰብሰው ውኃ ብቻውን አይደለም፤ እንጨቱን የሚበላው ሻጋታ ነው። ሻጋታ ለመኖር ውኃም አየርም ይፈልጋል። ደረቅ እንጨት አየር እንጂ ውኃ የለውም፤ በጭቃ ውስጥ የተቀበረ እንጨት ውኃ እንጂ አየር የለውም። ሁለቱ የሚገናኙት ማዕበሉ አንዴ በሚያረጥበውና አንዴ በሚያደርቀው ሥፍራ ነው። እንጨት የሚበላው የባሕር ትልም ቢሆን ጭቃው ውስጥ መኖር አይችልም። ይህን ስሰማ አያቴ የአጥር እንጨት ሲተክሉ የተቃጠለ ዘይት አብዝተው የሚቀቡት ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ መሆኑ ትዝ አለኝ። አያቴ መልሱን በእጃቸው ያውቁት ኖሯል!

ማስረጃም አለ። በ1902 የቅዱስ ማርቆስ የደወል ግንብ በድንገት ፈረሰ። መሠረቱ ሲመረመር የጥንቱ ችካል ደኅና ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ዙሪያውን አዲስ ጨምረው በ1912 ግንቡን በዚያው ቦታ መልሰው አቆሙት። ሆኖም ችካሉ ከቶ አይነካም ማለት አይደለም። ያለ ብዙ አየር የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ቀስ እያሉ እንጨቱን እንደሚያደክሙት የዛሬ ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ነገር ግን ባዶ የሆነውን ውኃ ስለሚሞላው፥ ጭቃውም ዙሪያውን ስለሚጨብጠው፥ እንጨቱ ቅርጹን እንደ ያዘ ሸክሙን ይሸከማል። ስለዚህ አያቴም ፈጽመው አልተሳሳቱም።

ከሙራኖ ስንመለስ በጠባብ ቦዮች ዳር እየሄድን ግድግዳውን አየሁ። ከታች ነጩ ድንጋይ አረንጓዴ ለብሷል፤ ከእርሱ በላይ ያለው ጡብ ግን እንደ ዱቄት ይረግፋል። ምክንያቱ መሬቱ ዝቅ፥ ባሕሩም ከፍ በማለቱ፥ ውኃው በ1897 ከተለካው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል መጨመሩ ነው። ግንበኞቹ ድንጋዩን የደረደሩት በዘመናቸው የውኃ ልክ ነበር፤ ዛሬ ጨዋማው ውኃ ድንጋዩን አልፎ ጡቡን ይነካል። በኅዳር 1966 ባሕሩ 194 ሳንቲ ሜትር፥ በኅዳር 2019 ደግሞ 187 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከተማይቱን አጥለቅልቋታል። ስለዚህ ባሕሩ በሚገባባቸው ሦስት በሮች 78 ታላላቅ የብረት መዝጊያዎች ተሠርተው በጥቅምት 2020 ለመጀመሪያ ጊዜ ጐርፍ መለሱ። መዝጊያዎቹ ውኃ ተሞልተው ከባሕሩ ወለል ይተኛሉ፤ አየር ሲነፋባቸው ይነሣሉ። የሥራው ስም በጣልያንኛ ከሙሴ ስም ጋር አንድ ነው፤ እኔም ይህን ስም ያወጣውን ሰው አመሰገንሁ። መዝጊያዎቹ የሚነሡት ግን ለትልቁ ጐርፍ ነው፤ የየቀኑ ማዕበል እንደ ወትሮው ጡቡን ሲልስ ይውላል።

ባቡሩ ላይ የደረስነው እየሮጥን ነው። በ1846 በተከፈተው ረዥም ድልድይ ላይ ስናልፍ ጓደኞቼ የቤተ ክርስቲያኑን ጕልላት ለማየት ወደ ኋላ ዞሩ፤ እኔ ግን የመነመኑትን ግንዶች እቈጥር ነበር።

አዲስ አበባ በገባሁ ማግሥት ፎቶግራፉን ለአያቴ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት፤ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ከዚያ ተነሥተው ወደ ጓሮ ወሰዱኝና ያዘመመ የአጥር ባሕር ዛፍ በእጃቸው ገፋ አደረጉት፤ ልክ ከአፈሩ ላይ ቀጨ ብሎ ተሰበረ። በዶማ ቈፍሬ ጉቶውን አወጣሁላቸው። አፈሩን ጠራርገው የታችኛውን ጫፍ በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉና፥ «እስቲ ያንን ፎቶግራፍ እንደ ገና አሳየኝ» አሉኝ።