ፎቶ ተሸክሞት የሚመጣው ቦታ

ተጠቃሚዎች ፎቶ የሚጭኑበት፣ በተለምዶ አነጋገር አፕሎድ የሚያደርጉበት ድረ ገጽ፣ ከውጭ ለሚያየው ሰው ፎቶ በአንድ በር ገብቶ በሌላው የሚወጣበት መጋዘን ይመስላል፤ በአግባቡ የተሠራ ሥርዓት ግን የተቀበለውን ፋይል እንዳለ ለሕዝብ አያቀርብም። የመጣው ፋይል ጥሬ ዕቃ ሲሆን፣ ተመልካቹ የሚያየው ከእርሱ የተዘጋጀ ሌላ ፋይል ነው። ይህ ልዩነት ከቁም ነገር ሳይቆጠር የሚታለፍ ቢሆንም፣ በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎና በሜጋ ዙሪያ በተዘረጋው የደቡብ ቆላ ጥቅሙ ጎልቶ ይታያል። የአካባቢው ብርቅዬ አእዋፍ ከብዙ አገር ፎቶ አንሺዎችን ይስባሉ፤ እንዲህ ያሉ ፎቶዎችም እ.ኤ.አ. በ2008 ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ተማሪዎች ሥራ ተነሥቶ ዓለም አቀፍ የሆነውን አይናቹራሊስትን በመሳሰሉ የተፈጥሮ ምልከታ ማኅደሮች ይጠራቀማሉ።

መሠረታዊው አሠራር ብዙ ማብራሪያ አይሻም፦ ፎቶው በፋይል ማከማቻ ይቀመጣል፤ ዳታቤዙ የሚይዘው የፋይሉን መጠሪያ፣ የባለቤቱን ማንነትና የተጫነበትን ጊዜ ነው። ስም የሚያወጣውም ሥርዓቱ እንጂ ተጠቃሚው አይደለም፤ አለዚያ በአንድ ስም ከተጫኑ ሁለት ፎቶዎች የኋለኛው የፊተኛውን ይደመስሰዋል። በስሙ ጄፔግ የሚባል ፋይል ሁሉ ጄፔግ ስላልሆነም፣ የፋይሉ የመጀመሪያ ሁለት ባይቶች 255 እና 216 መሆናቸው አስቀድሞ ይጣራል።

ስለ መጠን የሚሠራ አንድ ስሕተት ግን ሳይነሣ ሊታለፍ አይገባም። አንዳንድ የድረ ገጽ ባለሙያዎች ትልቁን ፎቶ በስክሪን ላይ አጥብበው ስላሳዩት ያቀለሉት ይመስላቸዋል፤ የተመልካቹ ስልክ ግን አጥብቦ የሚያሳየው ሙሉውን ፋይል ካወረደ በኋላ ነው። 4000 በ3000 ፒክስል የሆነ ፎቶ ፋይሉ ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ቢሆንም፣ ሲከፈት ለእያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ስለሚያስፈልግ ከስልኩ ጊዜያዊ ማኅደር 48 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ እንዲህ ያሉ ፎቶዎች የተደረደሩበት ገጽ ርካሽ ስልክ ይዞ በሞባይል ዳታ ለሚጠቀም የሞያሌ ወይም የነገሌ ነዋሪ ጥቅሉን የሚጨርስበት እንጂ የሚያገለግለው አይደለም። ስለዚህም አይናቹራሊስት ለአንድ ፎቶ ረጅም ጎናቸው ከ2048 እስከ 100 ፒክስል የሚደርስ ልዩ ልዩ ቅጂዎችንና ባለ 75 ፒክስል ካሬ ምስል ያዘጋጃል፤ ፌስቡክም እ.ኤ.አ. በ2010 ሄይስታክ ስለተባለው ማከማቻው ባቀረበው ጥናት፣ እያንዳንዱን ፎቶ በ4 መጠን ስለሚያስቀምጥ 65 ቢሊዮን ፎቶዎች 260 ቢሊዮን ምስሎች እንደሆኑበት ገልጿል።

ከሁሉ ይልቅ ችላ የሚባለው ፎቶው በውስጡ ተሸክሞት የሚመጣው መረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በጃፓን በወጣውና ኤግዚፍ በተባለው ደንብ መሠረት፣ ካሜራ ምስሉን ሲያስቀምጥ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የመሣሪያውን ዓይነት፣ ጂፒኤስ ተከፍቶ ከሆነም ቦታውን በኬክሮስና በኬንትሮስ ልክ አብሮ ይጽፋል። ይህ መረጃ በምስሉ ላይ አይታይም፤ ፋይሉን ያወረደ ማንኛውም ሰው ግን በነጻ በሚገኝ ፕሮግራም ሊያነበው ይችላል፤ የተመዘገበው ቦታ ስሕተትም ሜዳ ላይ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሜትሮች አይበልጥም።

በነገሌ ቦረና አጠገብ ባለው የሊበን ሜዳ፣ ጎጆውን በሣር መካከል መሬት ላይ የሚሠራ አንድ የላርክ ዝርያ ይኖራል፤ የሣር ምድሩ በእርሻ፣ በቁጥቋጦ መስፋፋትና በልቅ ግጦሽ እየተመናመነ በመሄዱ፣ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ወፉ በዋናው የአፍሪካ ምድር በታሪክ ተመዝግቦ የሚጠፋ የመጀመሪያው የወፍ ዝርያ እንዳይሆን አስጠንቅቀዋል። የእንዲህ ያለው ወፍ ጎጆ ፎቶ ከነቦታው ከተለቀቀ፣ በቅን ልቦና የሚመጣው ጎብኚ እንኳ እንቁላሉን ሊረግጥ ይችላል። አይናቹራሊስት ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ቦታ በካርታው ላይ በትክክል አያሳይም፤ ምልክቱን ጎኑ 0.2 ዲግሪ፣ ማለትም 22 ኪሎ ሜትር ያህል በሆነ አራት ማዕዘን ውስጥ በዘፈቀደ ያስቀምጠዋል። ይሁን እንጂ አንድ ሥርዓት ካርታውን አደብዝዞ ፎቶውን ከነኤግዚፉ ቢያቀርብ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ነገሩ የወፍ ብቻም አይደለም፤ የሚሸጠውን ግመል በረቱ ደጃፍ ላይ አንሥቶ የጫነ አርብቶ አደር፣ ሳያውቀው የመንጋውን ማደሪያ ለማያውቀው ሰው ይነግራል።

ይህን የተረዱ ሰዎች ደግሞ መረጃውን ከነአካቴው ይሰርዙታል፤ ይህም ሌላ ጥፋት ነው። ጣሊያናዊው ልዑል ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ እ.ኤ.አ. በ1893 በደቡብ ኢትዮጵያ በዝሆን ተገድሎ ሲሞት፣ ከሰበሰባቸው አእዋፍ መካከል ቀድሞ የማይታወቅ ቱራኮ ተገኘ፤ ወፉ በስሙ ቢሰየምም የተያዘበትን ቦታ የሚናገር ማስታወሻ ስላልነበረ፣ መኖሪያው ለዐሥርተ ዓመታት ሳይታወቅ ቆየ። ስለዚህ ቦታው ከፎቶው ተነብቦ በዳታቤዝ፣ ፈቃድ ያለው ብቻ በሚያየው ሰንጠረዥ መመዝገብ አለበት፤ የሚሰረዘው ለሕዝብ ከሚቀርቡት ቅጂዎች ነው።

በስረዛው ቅደም ተከተል ላይም ጥንቃቄ ያሻል፤ ስልኩ በየትኛው ጎኑ ተይዞ ፎቶው እንደተነሣ የሚናገረው ቁጥር በዚያው በኤግዚፍ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ምስሉን አስቀድሞ ሳያቀና መረጃውን የሚሰርዝ ሥርዓት የቆመውን ግመል አጋድሞ ያሳያል። ተጠቃሚውም ከኃላፊነት ነጻ አይደለም፦ ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከን ምስል አሳንሶ ይህን መረጃ ያስወግዳል፤ ጥራቱ እንዳይቀንስ ተብሎ እንደ ፋይል የተላከው ግን ሁሉንም እንደያዘ ይደርሳል።

የአንድን ሥርዓት ጥራት ለመመርመር የባለሙያ ምስክርነት አያስፈልግም። ጂፒኤስ ከፍቶ ያነሡትን ፎቶ ጭኖ፣ ለሕዝብ የቀረበውን ቅጂ መልሶ ማውረድና ዝርዝር መረጃውን መመልከት ይበቃል፤ ቦታው በዚያ ከተገኘ፣ ሥርዓቱ ፎቶ ማከማቸትን እንጂ ማቅረብን ገና አልጀመረም።