ዶሮዋን ከማረዳችን በፊት እግሯን እንይ

በጅቡቲ ከተማ፣ በተለይም በባልባላ፣ በቆርቆሮ ቤታቸው ደጃፍ አንድ ሁለት ዶሮ የሚያረቡ ስደተኛ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። ዶሮዋ ዕንቁላል ትሰጠናለች፤ ለበዓልም ትደርሳለች። መጫወቻ ለሌላቸው ልጆቻችን ደግሞ ጓደኛ ናት። ስለሆነም እግሯ ሲታመም ጉዳዩ የዶሮ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

አንድ ቀን አንዲት እናት የስድስት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። በጣቶቹ መካከልና በእጁ አንጓ ላይ ሽፍታ ወጥቶበታል፤ ሌሊቱን ሲያክክ ያድራል። «ሲስተር፣ ከዶሮዋ ነው የያዘው፤ እግሯ እንዳለ ቅርፊት ሆኗል» አለችኝ። ጎረቤቱ ትታረድ ይላል፤ ልጁ ያለቅሳል። እኔ የተማርኩት የሰው ነርስነት ነውና ሳላጣራ «እንግዲያው ዶሮዋን አርቂያት» ብዬ፣ ለልጁ የሚቀባ ቢቢኤል ሰጥቼ ሸኘኋት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትመለስ የልጁ እከክ ብሶ፣ ታናሽ እህቱም ማከክ ጀምራለች። ለካ ልጁ ዶሮዬ አትሄድም ብሎ ስላስቸገራት፣ አብዛኛውን መድኃኒት በዶሮዋ እግር ላይ ቀብታ ጨርሳዋለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። ጥፋቱ ግን የእሷ ብቻ አልነበረም፤ እኔም በሚገባ አላስረዳኋትም። ከዚያ ወዲያ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቄ የተረዳሁትን እነሆ ላካፍላችሁ።

ሁለቱ እከኮች አንድ አይደሉም

የዶሮዋን እግር የሚያሻክረው ባለሙያዎች ክኔሚዶኮፕተስ ሙታንስ የሚሉት የቅንቅን ዓይነት ነው። ከግማሽ ሚሊሜትር ስለሚያንስ በዓይን አይታይም። በእግሯ ቅርፊት ሥር ቦይ እየቆፈረ ይኖራል፤ እዚያው ይራባል። ቅርፊቱ ወደ ላይ ይነሣል፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይወጣዋል፣ እግሩም እየወፈረ ይሄዳል። ካልታከመች ታነክሳለች፤ ጣቷም ሊቆረጥ ይችላል። በሽታው በቆጥ ላይ ተጠጋግተው ከሚያድሩ ዶሮዎች አንዱ ወደ ሌላው፣ ከእናቲቱም ወደ ጫጩቶቿ ቀስ እያለ ይተላለፋል።

የሰው እከክ ግን ሳርኮፕተስ ስካቢዬ በተባለ ሌላ ተባይ የሚመጣ ሲሆን፣ የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው ነው። በአንድ ምንጣፍ የሚያድሩ ልጆች ቶሎ ይጋባባቸዋል። ስለዚህ የሚያክከውም የማያክከውም የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን መታከም አለበት። ልብስና አንሶላ በሙቅ ውሃ ይታጠብ፤ የማይታጠበው በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ ቢያንስ ሦስት ቀን ይቆይ። ማሳከኩ ከሕክምናው በኋላም ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል አትደናገጡ።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ቀን በቆጡ ስንጥቅ ውስጥ ተደብቆ ሌሊት የዶሮ ደም የሚመጥ ቀይ ቅንቅንም አለ። ይህኛው ሰውንም ይነክሳል። ስለሆነም ዶሮና ሰው በአንድ ክፍል አይደሩ።

ለዶሮዋ እግር ምን እናድርግ?

1. ጠዋት ወይም ማታ፣ ፀሐይ ሲበርድ፣ እግሯን ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ውስጥ ለአሥር ደቂቃ ያህል መዘፍዘፍ።
2. በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ በቀስታ ማሸት። በራሱ የለቀቀው ቅርፊት ይውደቅ፤ ያልለቀቀውን አትላጡት፣ ይደማል።
3. በንጹሕ ጨርቅ አድርቆ ቫዝሊን ወይም የምግብ ዘይት ከቅርፊቱ ሥር እንዲገባ አድርጎ መቀባት። ቅባቱ ተባዩን አየር ያሳጣዋል።
4. ይህንኑ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ቢያንስ ለአራት ሳምንት መደጋገም። አብረዋት የሚያድሩትንም ዶሮዎች መቀባት።
5. ቆጡን መፋቅና ማጠብ፣ ጉዝጓዙን መለወጥ።

እግሯ እንደ ቀድሞው እስኪለሰልስ ወራት ሊፈጅ ይችላል። አልዳነችም ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚንና የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከመቀባት ተቆጠቡ፤ ቆዳዋን ያቃጥላሉ፣ ከእሳት አጠገብም አደጋ ናቸው። ለሰው የተሰጠ አይቨርሜክቲንም ያለ እንስሳት ሐኪም ትእዛዝ አይሰጣት፤ መድኃኒቱ በዕንቁላሏና በሥጋዋ በኩል ወደ ልጆቻችሁ ይደርሳል።

ሌሎች የእግር ችግሮች

ዶሮዋ እያነከሰች እግሯ ላይ ቅርፊት ካላያችሁ ውስጥ እግሯን ገልብጣችሁ ተመልከቱ። በስለታም ድንጋይ፣ በሽቦ ወይም በቆርቆሮ ጫፍ ስትቆረጥ ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ ገብቶ ያሳብጠዋል፤ መሐሉ ላይ ጥቁር ቅርፊት ይታያል። ለብ ባለ የጨው ውሃ ዘፍዝፉት፣ አዮዲን ቀቡት፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ በደረቅና ለስላሳ ጉዝጓዝ ላይ አኑሯት። በምላጭ አትቅደዱት፤ ይኸው ባክቴሪያ በሰው ቁስልም ይገባል።

በሲባጎ የምናስራትም ብዙዎች ነን። ክሩ ሥጋዋ ውስጥ ገብቶ ደም እንዳያግድ በየቀኑ መፈተሽ፣ እግሩንም እየለዋወጡ በሰፊ ጨርቅ ማሰር ይገባል።

ዶሮ ከነኩ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው። ልጆችም ዶሮዋን እንዳይስሙ ንገሯቸው፤ ደህና የምትመስል ዶሮ እንኳ ተቅማጥ የሚያመጣ ሳልሞኔላ ልትሸከም ትችላለች።

ይህን ካያችሁ ግን አትንኩ

የእግሯ ቆዳ ቀልቶ ወይም ጠቁሮ ደም የቋጠረ ከመሰለ፣ ፊቷና ኩክኒዋ ካበጠ፣ ዶሮዎችም በድንገት ተከታትለው ከሞቱ ነገሩ ቅንቅን አይደለም፤ የወፍ ጉንፋን ሊሆን ይችላል። በጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2006 በአርታ አካባቢ የሁለት ዓመት ሕፃን በዚህ በሽታ መያዟ ተረጋግጧል፤ በአፍሪካ ቀንድ የተመዘገበ የመጀመሪያው የሰው ሕመም ነበር። እንዲህ ያለውን ዶሮ አትረዱ፣ አትብሉ፣ ልጆችን አርቁ፤ ወዲያውኑም ለጤና ሠራተኛ አሳውቁ።

ያች እናት በሁለተኛው ጊዜ ሁለት ነገር ይዛ ሄደች፦ ለቤተሰቡ ሁሉ የሚበቃ መድኃኒትና፣ ለዶሮዋ ከሱቅ ቫዝሊን እንድትገዛ ምክር። ልጆቹ ድነዋል። ዶሮዋም እግሯ ትንሽ ጠማማ ሆኖ ቢቀርም ዕንቁላል ትጥላለች። እኔም ከዚያ ወዲህ መድኃኒት ስሰጥ «ቤት ውስጥ ሌላ የታመመ አለ?» ብዬ ሳልጠይቅ አልሸኝም፤ ዶሮም ብትሆን።