«ይህቺን ወር ብቻ ልጨርስ»

ከእናንተ መካከል ሌሊት ከእንቅልፏ ባንና፣ ከልጇ ወይም ከወንድሟ ክፍል ብርሃን ሲፈነጥቅ አይታ «ይህ ልጅ እስካሁን አልተኛም እንዴ?» ያላለች ትኖር ይሆን? ካለች ዕድለኛ ናት። እኔ ግን ብያለሁ፤ ያውም ደጋግሜ።

አብሮኝ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ባለፈው ጥር፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ በሩን ከፍቼ ብገባ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ አገኘሁት። ደብተሩ አጠገቡ እንደተዘጋ ነው። «በል አጥፋና ተኛ!» ብለው፣ ዓይኑን ሳይነቅል «እትዬ፣ ይህቺን ወር ብቻ ልጨርስና እተኛለሁ» አለኝ።

ወር? ገና በወሩ መጀመሪያ ላይ ነበርን። የእንቅልፍ ልብ ያናገረው መስሎኝ ደነገጥኩ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ልጁ ተጠምዶበት የነበረው ጨዋታ የጥንት ቻይና የጦር አበጋዞች የሚፎካከሩበት ሲሆን፣ እንደ ገበጣችን በየተራ የሚጫወቱት ነው። አንዱ ተራ አንድ ወር ነው። ወሯ ስታልቅ ሌላ ወር ትተካለች፤ መከሩ ይደርሳል፤ ጠላት ይነሣል፤ እንዲህ እያለ ዓመቱ ሲሞላ የእኛ ሌሊት ይነጋል።

በማግሥቱ ኮምፒውተሩን ቆልፌ ላስቀምጠው ወስኜ ነበር። ግን ደግሞ ምንነቱን ሳላውቅ የምከለክለውን ነገር ልጁ ከጓደኛው ቤት ሄዶ እንደሚያገኘው ገመትኩ። ስለዚህ በመጀመሪያ ስለ ጨዋታው ልጠይቅ፣ ተጫዋቾቹ የሚሉትን ላዳምጥ፣ ከዚያም ራሴ ልሞክረው አልኩ። ያገኘሁትን ዛሬ ላካፍላችሁ እወዳለሁ። በዚህ ጽሑፍ ስለ ቻይና ታሪክና ስለ ጨዋታዎቹ የተጠቀሱት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።

የታሪኩ መነሻ

ጨዋታው «የሦስቱ መንግሥታት ታሪክ» ይባላል። በጃፓንኛ ስሙ «ሳንጎኩሺ» ነው። የመጀመሪያውን ክፍል ኮኤይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ያወጣው በ1985 ሲሆን፣ 14ኛው ክፍል በ2020 ወጥቷል። መነሻው በ14ኛው መቶ ዓመት በሉኦ ጓንዦንግ እንደተደረሰ የሚነገርለት ታላቁ የቻይና ልቦለድ ነው። የልቦለዱ መነሻ ደግሞ እውነተኛ ታሪክ ነው። በ184 ቢጫ ጥምጥም ያሰሩ ገበሬዎች በሀን ሥርወ መንግሥት ላይ አመፁ። በ189 ዶንግ ዡኦ የተባለ የጦር አዛዥ ዋና ከተማውን ያዘ፤ አገሪቱም በጦር አበጋዞች እጅ ተበጣጠሰች። በመጨረሻም በሰሜን የጻኦ ጻኦ ቤት፣ በምዕራብ ሊዩ ቤይ፣ በደቡብ ምሥራቅ ሱን ቹዋን ሦስት መንግሥታት መሠረቱ። ቻይና እንደገና አንድ የሆነችው በ280 ነው።

ተጫዋቹ ከነዚህ አበጋዞች አንዱን ይመርጥና አገሪቱን አንድ ለማድረግ ይነሣል። ለእያንዳንዱ ባለሟል የጦር ችሎታው፣ ብልኅነቱ፣ የአስተዳደር ችሎታው በቁጥር ተመዝግቦለታል። ታማኝነቱም እንዲሁ ከመቶ ይቆጠራል።

ጎተራው ባዶ ሲሆን

እኔ ሊዩ ቤይን መረጥኩ። ድኻና ደግ ነው ሲሉኝ አዘንኩለትና ነው። በመጀመሪያው ወር ያለኝን ወርቅ ሁሉ አውጥቼ ወታደር መለመልኩ። በሁለተኛውም ወር ደገምኩ። ብዙ ጦር ካለኝ ማን ይደፍረኛል ብዬ ነበር። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ መከር ሳይደርስ እህሌ አለቀ። ገበሬው በምልመላው ተማሮ ፊቱን አዞረብኝ። ደመወዝና ስጦታ የተቋረጠባቸው ባለሟሎቼ ታማኝነታቸው ከወር ወር እየወረደ ሄዶ፣ የምተማመንበት አንዱ የጎረቤት አበጋዝ ቢጠራው ሳይሰናበተኝ ገባለት። ስምንተኛው ወር ላይ ከተማዬ ያለ ብዙ ውጊያ ተያዘች።

ወንድሜ ከኋላዬ ቆሞ እየሳቀ፣ «እትዬ፣ ሰው ሳትመግቢ ጦር ትሰበስቢያለሽ?» አለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አፈርኩ። የወር ደመወዝ ለጤፍ፣ ለዘይት፣ ለመብራት፣ ለትምህርት ቤት ከፋፍዬ ወር የማደርስ ሴት ነኝ። ከቤቴ የማውቀውን ነገር ጦርነት ሲባል ረሳሁት። የጨዋታው የቆዩ ወዳጆች ለአዲስ ተጫዋች የሚሰጡት የመጀመሪያ ምክርም ይኸው ነው፤ ከጦሩ በፊት እርሻውን፣ የጎርፍ መከላከያውንና የሕዝቡን ልብ ተመልከት ይላሉ።

የታሪኩ መዝገብም ይህንኑ ያረጋግጣል። ጻኦ ጻኦ ከ196 ጀምሮ ስደተኞችንና ወታደሮችን ባዶ በቀረ መሬት ላይ አስፍሮ እያሳረሰ ጦሩን ይቀልብ ነበር። በ200 ጓንዱ በተባለው ቦታ ከዩዋን ሻኦ ጋር ሲገጥም፣ የዩዋን ሻኦ ሠራዊት ከእርሱ እጅግ ይበልጥ ነበር። ታዲያ ድሉ የተገኘው እንዴት ይመስላችኋል? ሹ ዮው የተባለ የዩዋን ሻኦ አማካሪ በጌታው ቅር ተሰኝቶ ከዳና የእህሉ ክምችት ዉቻኦ በተባለ ስፍራ መሆኑን ለጻኦ ጻኦ ነገረው። ጻኦ ጻኦም በሌሊት ገሥግሦ እህሉን አቃጠለው። ያ ታላቅ ሠራዊት ተበተነ። አንድ የተከፋ ሰውና አንድ የተቃጠለ ጎተራ የቻይናን ሰሜን ባለቤት ለወጡ ማለት ነው።

የተጫዋቾቹ ሙግት

ተጫዋቾቹ በሁሉም ነገር ይስማማሉ ብላችሁ እንዳታስቡ። ዓመታት ያስቆጠሩ ክርክሮች አሏቸው።

አንደኛው፣ ተጫዋቹ ማንን ሆኖ ይጫወት የሚለው ነው። በአብዛኞቹ ክፍሎች ገዢውን ይሆናል። በ7ኛው፣ በ8ኛው፣ በ10ኛውና በ13ኛው ግን ከተራ ባለሟልነት መነሣት ይቻላል፤ ጌታ ማገልገል፣ ወዳጅ ማፍራት፣ ትዳር መያዝ አለ። ገሚሶቹ «አገር መምራት የሚያምረው ከላይ ሲታይ ነው» ይላሉ። የቀሩት ደግሞ የዘመኑ ኑሮ የሚገባው የአንድን ሰው ዕድል ሲከተሉ ብቻ ነው ባዮች ናቸው።

ሁለተኛው ክርክር ስለ ተራው ነው። በ13ኛው ክፍል ጊዜው በራሱ ይሮጣል፤ ተጫዋቹ ሲያስፈልገው ያቆመዋል። ይህም ተረጋግቶ ማሰብን ለለመዱት አልተስማማም። ብዙዎቹ እስከ ዛሬ የሚያወድሱት በ2006 የወጣውን 11ኛውን ክፍል ነው፤ በየተራ የሚኬድ፣ መላው ቻይና በአንድ ካርታ ላይ የተዘረጋበት ስለሆነ ነው። የጋራ ቅሬታም አላቸው። ማሻሻያና ተጨማሪው ለብቻ ስለሚሸጥ አንዱን ጨዋታ ሁለት ጊዜ እንደ መግዛት ይቆጥሩታል። ደግሞም የአገሪቱ እኩሌታ ከተያዘ በኋላ ተቀናቃኝ ስለማይኖር የቀረው መንገድ አሰልቺ ነው ይላሉ።

ሦስተኛው የልቦለድና የታሪክ ሙግት ነው። ልቦለዱ ሊዩ ቤይን ያሞግሳል፤ ጻኦ ጻኦን ተንኮለኛ ያደርጋል። አማካሪው ዡጌ ልያንግ ደግሞ ነፋስ የሚያዝ ጠቢብ ሆኖ ቀርቧል። ታዲያ የባለሟሎቹ ቁጥር በየትኛው ይሰጥ? በ2019 የወጣው የእንግሊዞቹ «ቶታል ዋር፤ ስሪ ኪንግደምስ» ይህን ጭቅጭቅ ለማብረድ ለልቦለዱ አንድ፣ ለታሪኩ አንድ አጨዋወት አዘጋጅቷል። በ2021 አዘጋጆቹ ተጨማሪ ክፍል ማውጣት እናቆማለን ባሉ ጊዜ ግን ገና ብዙ የሚጠብቁት ተጫዋቾች በእጅጉ ተቆጥተው ነበር።

ሴቶቹስ የት ናቸው?

ይህን ጥያቄ ያነሣሁት የሴቶች ዓምድ አዘጋጅ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም፤ ተጫዋቾቹም ያነሡታል። በ14ኛው ክፍል 1,000 ባለሟሎች ሲገኙ ሴቶቹ ጥቂት ናቸው። ከነርሱም ዝነኛዋ ዲያኦቻን ደራሲ የፈጠራት እንጂ በታሪክ የኖረች አይደለችም። የሱን ቹዋን እኅትና የሊዩ ቤይ ሚስት የነበረችው ግን በእርግጥ የኖረች ሴት ናት። መዝገቡ እንደሚለው ከመቶ በላይ የሆኑ አገልጋዮቿ ሰይፍ ታጥቀው ይቆሙ ነበርና፣ ሊዩ ቤይ ወደ እርሷ ሲገባ ልቡ ይርድ ነበር። ይህቺን የመሰለች ሴት ስሟን የጻፈላት ሰው አልነበረም። መዝገቡ «የሱን ቤት እመቤት» ብሎ አልፏታል። በጨዋታው የምትጠራበት «ሱን ሻንግሺያንግ» የተሰኘው ስም በኋላ ዘመን ከመድረክ ተውኔት የመጣ ነው።

ይሁን እንጂ ከጨዋታው ጀርባ ስሟ የሚታወቅ ሴት አለች። ኮኤይን ያቋቋሙት ባልና ሚስት ናቸው፤ አቶ ዮኢቺና ወይዘሮ ኬይኮ ኤሪካዋ። ኩባንያው በ1978 ሲመሠረት ሥራው የማቅለሚያ ኬሚካል ንግድ ነበር። በ1980 ባልየው 30 ዓመት ሲሞላቸው ወይዘሮ ኬይኮ ኮምፒውተር በስጦታ ገዙላቸው። ባልየው በዚያች ኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ተምረው በ1981 የመጀመሪያውን የጦርነት ጨዋታ፣ ከአራት ዓመት በኋላም የሦስቱን መንግሥታት አወጡ። ወይዘሮ ኬይኮ ከኩባንያው አመራር ሳይለዩ፣ ለሴቶች የሚሆን ጨዋታ የሚሠራ «ሩቢ ፓርቲ» የተባለ የሴቶች ቡድን አቋቋሙ። ቡድኑም በ1994 «አንጀሊክ» የተባለውን ጨዋታ አወጣ፤ ይህም ለልጃገረዶች ተብለው ለተሠሩት የፍቅር ታሪክ ጨዋታዎች ፈር ቀዳጅ ሆኗል። እንግዲህ አበጋዞቹን ያስነሣቸው የአንዲት ሚስት ስጦታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እናስ ምን ይሻላል?

አንዳንዶቻችሁ «ይህ ሁሉ ጥሩ፤ የልጁ ትምህርትስ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ትክክል ናችሁ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ውስጥ የጨዋታ ልማድ ሕመምን አካቷል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፤ ጨዋታውን መቆጣጠር አለመቻል፣ ከሌላው ሥራና ደስታ ሁሉ ማስቀደም፣ ጉዳት ማድረሱ እየታየም አለማቆም። ሕመም የሚባለውም ይህ ሁኔታ ትምህርትን፣ ሥራን ወይም የቤተሰብን ኑሮ እስኪያናጋ ድረስ ሲከብድና አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወራት ያህል ሲዘልቅ ነው። ስለዚህ አንድ ሌሊት ያመሸን ልጅ ሁሉ በሽተኛ ማለት አይገባም፤ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ የሚያነጋውንም «ልጅነት ነው» ብሎ ዝም ማለት አይገባም። እንዲህ ያለው ወደ ሐኪም መቅረብ አለበት።

በየተራ የሚኬድ ጨዋታ ግን አንድ መልካም ጠባይ አለው። ተራው ሲያልቅ መዝግቦ ማቆም ይቻላል፤ እንደ ኳስ ጨዋታ መሐል ላይ የሚቋረጥ አይደለም። ስለሆነም «አሁኑኑ አጥፋ!» ብላችሁ ከምትጮኹ፣ አስቀድማችሁ ስንት ወር እንደሚጫወት ተስማሙ። እኔና ወንድሜ የተስማማነው ጥናቱን ከጨረሰ በኋላ ቅዳሜና እሑድ ብቻ፣ በቀን 12 ወር እንዲጫወት ነው።

ሌላም ነገር አደረግሁ። «ወር የምትመራ ከሆነ እውነተኛውን ምራ» ብዬ የየካቲትን የቤት ወጪ ገንዘብ በእጁ ሰጠሁት። በመጀመሪያው ሳምንት ሥጋ በላን፤ እኔም ምንም አልተናገርኩም። ከወሩ በ22ኛው ቀን ወረቀትና እርሳስ ይዞ ወደ ማድቤት መጣ።

«እትዬ» አለኝ፤ «አንቺ ይህን በየወሩ እንዴት ነው የምታደርሺው?»

ወንበር ሳብኩለት። ከሽሮው ጀምረን እስከ ወሩ መጨረሻ ያለውን አብረን አሰላን። አሥራ ሁለት ዓመት ያህል ቤት ሳስተዳድር ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ፈተናው ገና ነው፤ ውጤቱንም ወደፊት እናያለን። በመጋቢት ግን የቤቱን ገንዘብ ለሁለት ይዘነዋል።