ካርታን ያለ እጅ ስለ መምራት

በኮምፒዩተር የሚታይ ካርታ ከወረቀት ካርታ የሚለየው በመታዘዙ ነው። ወደ ጎን ሲስቡት ይሳባል፤ ሲያጎሉት ይጎላል፤ አንድ ከተማ ሲመርጡበት ስለዚያው ከተማ ይገልጻል። ከነዚህ ከሦስቱ ሥራዎች በቀር ካርታን ለማንበብ ብዙ ነገር አያስፈልግም። ሦስቱንም ግን የምናሠራው በጣታችን ስለ ሆነ፣ እጁ የማይታዘዝለት ጓደኛችን የጂኦግራፊ ትምህርቱን በሌላ ሰው እጅ ለመከታተል ይገደዳል። ይህ የግድ መሆን የለበትም። ካርታን ያለ እጅ መምራት ይቻላልና መንገዶቹን ከነጉድለታቸው እንመልከት።

የመጀመሪያው ድምፅ ነው። በዊንዶውስ 11 የድምፅ መቆጣጠሪያ ተጠቃሚው ሲያዝ ስክሪኑ ቁጥር በተሰጣቸው 9 ክፍሎች ይከፈላል። «አምስት» ቢል አምስተኛው ክፍል ብቻ እንደ ገና በ9 ይከፈላል። ሦስት ጊዜ ቁጥር ከጠራ በኋላ የሚቀረው ከስክሪኑ 729 እጅ አንዱ እጅ ነው። ስም ያልተጻፈለትን ኮረብታ እንኳ በዚህ ዘዴ ማግኘት ይቻላል። ጉድለቱ ዝግታው ነው።

ሁለተኛው ራስ ነው። በአሜሪካ በቦስተን ኮሌጅ የተሠራው ካሜራ ማውስ የተባለው ፕሮግራም፣ በተራ ካሜራ የአፍንጫን ጫፍ እየተከተለ ቀስቱን ያንቀሳቅሳል። ቀስቱ ባንድ ቦታ ጥቂት ሲቆይ እንደ ተጫነ ይቆጠራል። ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ነገር ግን አንገትን ያደክማል።

ሦስተኛው ዓይን ነው። መሣሪያው ኢንፍራሬድ የተባለውን የማይታይ ብርሃን ወደ ዓይን ይልካል፤ ነጸብራቁንም ከብሌኑ ጋር አመዛዝኖ ሰውዬው ወዴት እንደሚመለከት ያሰላል። ይሁን እንጂ የዓይን ሥራ ማየት እንጂ ማዘዝ አይደለም። ሮበርት ጄኮብ የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990 ይህን ችግር በግሪኩ ተረት በንጉሥ ሚዳስ መሰሉት። ሚዳስ የነካው ሁሉ ወርቅ እንደ ሆነበት፣ እዚህም የተመለከቱት ሁሉ ትእዛዝ ይሆናል። ዓይን ዳር በደረሰ ቁጥር ካርታው የሚሸሽ ከሆነ፣ በዳር ያለውን ከተማ ማን ሊያነበው ይችላል?

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ኪኔክትና በ2013 የወጣው ሊፕ ሞሽንም ብዙ ተወርቶላቸዋል። ጉግል ኧርዝ በ2013 በሊፕ ሞሽን መታዘዝ ጀምሮ ነበር። እነዚህ ግን በአየር ላይ የሚወዛወዘውን እጅ የሚያነቡ ናቸውና መንካትን እንጂ እጅን አላስቀሩም። ለዚያ ጓደኛችን አይረዱም።

እንግዲህ የሚሻለው ማጣመር ነው። ሪቻርድ ቦልት እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ ኤም አይ ቲ ባሳዩት ሥራ ሰውዬው «ያንን እዚያ አድርግ» እያለ በእጁ ያመለክት ነበር። ቃል ምን እንደሚደረግ ይናገራል፤ ምልክት የት እንደሚደረግ ያሳያል። በእጅ ፋንታ ዓይንን ወይም ራስን ብንተካ የሚዳስ ችግር ይቃለላል፤ ቃሉ እስኪነገር ድረስ ዓይን እንደ ልቡ ያያልና።

ቃሉ በየትኛው ቋንቋ ይሁን? ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 አማርኛን በድምፅ ከሚጻፉት ቋንቋዎች ጋር ጨምሯል። የተነገረውን መጻፍና የታዘዘውን መፈጸም ግን ለየቅል ናቸው። ሆኖም የቦልት መሣሪያ የሚያውቀው 120 ያህል ቃላት ብቻ ነበር፤ ለካርታ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይበቃል። ዋናው ነገር ምርጫው ነው። «አቅርብ» እና «አርቅ» ፍቻቸው ተቃራኒ ሲሆን ድምፃቸው ይቀራረባል፤ መሣሪያው ሊያምታታቸው ይችላል። «አጉላ» እና «አሳንስ» ግን አይምታቱም። ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ማርቆስና ደብረ ታቦርም ባንድ ቃል ስለሚጀምሩ መሣሪያው ሁለተኛውን ቃል እንዲጠብቅ መደረግ አለበት።

ይህ የሳይንስ ፋኩልቲ ሥራ ብቻ አይደለም። እነርሱ ፕሮግራሙን ይሥሩ፤ እኛ የቋንቋ ተማሪዎች ቃላቱን እንምረጥ፤ የየአገሩንም አነጋገር እንሰብስብ። ሥራው ሲያልቅ ፈታኙ ያ ጓደኛችን ይሁን፤ ይበጃል ወይም አይበጅም ለማለት የሚገባው እርሱ ነውና።